ቤት ሲጎበኝ ደላላው መገኘት አለበትን?

ጋምቤላ፡- በጋምቤላ ከተማ ቤት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው ባለቤቱን ሳይሆን ደላላውን ነው። ቀጠሮ የሚይዘው፣ ቁልፉን ይዞ የሚመጣው፣ ክፍሎቹን የሚያሳየውና ስለ ዋጋው የሚናገረውም እርሱ ነው። የሻጩ ደላላ በጉብኝቱ ሰዓት መገኘት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ጥያቄ ቀላል ቢመስልም፣ በአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ከፍተኛ ነው።

ከተማዋ ከነዋሪዎቿ በተጨማሪ በአካባቢው ባሉ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያዎች የሚሠሩ ሰዎች መኖሪያም ናት። ከጣቢያዎቹ አንዱ በ2006 ዓ.ም ለደቡብ ሱዳን ስደተኞች የተከፈተው ኩሌ ነው። በኩሌ የሚገኙት መጠለያዎች ለስደተኞች ማረፊያ የተሠሩ እንጂ ለገበያ የሚቀርቡ አይደሉም። በመሆኑም በዚያ የሚሠራ ሰው የራሱን ቤት መግዛት ሲያስብ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ከተማዋ ነው። ቤት ለማየት ያለው ጊዜ የዕረፍት ቀኑ ብቻ ከሆነ ደግሞ በደላላው ላይ ያለው ጥገኝነት ይጨምራል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የንግድ ሕግ፣ በ2013 ዓ.ም በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ፣ ደላላን ይገልጽ የነበረው ሰዎች የሽያጭ፣ የኪራይና መሰል ውሎችን እንዲዋዋሉ የሚያገናኝ፣ ይህንንም ራሱን ችሎ ሙያዬ ብሎና ጥቅም ለማግኘት የሚሠራ ሰው አድርጎ ነው። በአገራችን ልማድ አንድ ደላላ ከሻጭም ከገዥም የድካም ዋጋ ሊቀበል ይችላል። ክፍያውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም በመሆኑ ውሉ ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋል። ይህ ፍላጎት በራሱ ጥፋት ባይሆንም፣ ገዥው የሚሰማውን ቃል ሲመዝን ሊያስታውሰው የሚገባ ጉዳይ ነው።

የደላላው መገኘት ጥቅሞች አሉት። ሻጩ የማያውቃቸውን ሰዎች ብቻውን ወደ ቤቱ ከማስገባት ይድናል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖር ከሆነ በሩን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። የአካባቢውን ዋጋ የሚያውቅ ደላላም ሁለቱ ወገኖች በማይቀራረብ ዋጋ ላይ ጊዜያቸውን እንዳያባክኑ ያደርጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ደላላው ከሚያገናኝ ሰው ወደ ሚጋርድ ግድግዳ ሲለወጥ ነው። ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ሳይገናኙ ዋጋ ሲነገር፣ ባለቤቱ ከጠየቀው ላይ ተጨምሮ ልዩነቱ በመካከል የሚቀርበት አጋጣሚ አለ። በአንጻሩ ደላላውም የራሱ ሥጋት አለው። ሁለቱን ካገናኘ በኋላ ከጀርባው ተስማምተው የድካም ዋጋውን እንዳያስቀሩበት ይፈራል። እንዳይገናኙ የሚያደርገው አንዳንድ ጊዜ ይኸው ፍርሃት ነው።

ጋምቤላን በመሰለ ከተማ የዚህ ግርዶሽ ጉዳት ጎልቶ ይታያል። ከተማዋ የባሮ ወንዝን ተከትላ የተመሠረተች ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም ክረምት በክልሉ ወንዞች ሞልተው ከፍተኛ የጎርፍ ጉዳት ማድረሳቸው ይታወሳል። በበጋ የሚጎበኝ ቤት ግቢው ደረቅ፣ ግድግዳውም አዲስ ቀለም የተቀባ ሊሆን ይችላል። በክረምት ውኃ ይገባ እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቁት በቤቱ የኖረው ባለቤትና ጎረቤቶቹ ናቸው። ደላላው «ችግር የለውም» ቢል እንኳ ያልኖረበትን ቤት ክረምት ሊመሰክር አይችልም።

ባለቤቱን ማግኘት ከሕግ አንጻርም ያስፈልጋል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንዲኖር ያዛል። ፈቃዱን ያልሰጠው ተጋቢ ውሉ እንዲፈርስ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ቤቱን የሚሸጠው ወኪል ከሆነም በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ለመሸጥ የሚያስችል ልዩ ውክልና ሊኖረው ይገባል። ቁልፍ መያዝ ውክልና አይደለም።

ከዚህም ሌላ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ይደነግጋል። በጉብኝት ወቅት በቃል የተነገረ ተስፋ በጽሑፍ ካልሰፈረ በኋላ ለማስረዳት አዳጋች ነው። ገዥው የባለቤትነት ማረጋገጫውን ማየትና ቤቱ ዕዳም ሆነ እገዳ የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ ያለበት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ የሻጩ ወኪል በጉብኝት ሰዓት አለመገኘቱ የተለመደ ሲሆን፣ በሩን ከፍቶ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ የገዥው ወኪል ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረሰ የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ ገዥው ቤት ከመጎብኘቱ በፊት ከራሱ ወኪል ጋር የጽሑፍ ውል እንዲፈርምና የወኪሉ ክፍያም አስቀድሞ እንዲታወቅ ተደርጓል። በእኛ ዘንድ ግን ገዥው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ወኪል ስለሌለው ራሱ መጠየቅና ራሱ ማጣራት ይኖርበታል።

በመሆኑም ደላላው በጉብኝቱ ይገኝ፤ ነገር ግን ብቻውን አይሁን። በመጀመሪያው ቀን ደላላው ቢያሳይ፣ ዋጋ ከመቆረጡ በፊት ደግሞ ባለቤቱ ወይም ሕጋዊ ወኪሉ ባለበት ሁለተኛ ጉብኝት ቢደረግ መልካም ነው። በዚህ መካከል ገዥው ጎረቤቶችን ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ድንበሩ ሊጠይቅ ይገባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የደላላው የድካም ዋጋ መጠንና የሚከፈልበት ጊዜ በጽሑፍ ቢወሰን ሥጋቱ ይወገዳል። ድርሻው የተረጋገጠለት ደላላ ሻጭና ገዥ እንዳይገናኙ የሚያደርግበት ምክንያት አይኖረውም።