የቅጠል ፍሎረሰንስ በእርሻ ላይ እንዴት ይለካል?

አንድ የቡና ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ውሎ ስናየው አረንጓዴነቱ እንዳለ ነው። በውስጡ ግን ብርሃንን ለምግብ ሥራ የሚያውለው ክፍል ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ቅጠሉን ሳንቆርጥና ሳንፈጭ ይህንን ለማወቅ ከሚረዱን መንገዶች አንዱ ክሎሮፊል መልሶ የሚሰጠውን ብርሃን መለካት ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ልኩ በእርሻ ላይ እንዴት እንደሚወሰድ፥ ይልቁንም ተማሪን የት ላይ እንደሚያሳስት ማስረዳት ነው።

ክሎሮፊል የተቀበለው ብርሃን ሦስት ዕጣ አለው። ከፊሉ ለፎቶሲንተሲስ ይውላል፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ከመቶ ጥቂት እጅ የሚሆነው ደግሞ ቀይ ብርሃን ሆኖ ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ፍሎረሰንስ ይባላል። ሦስቱ ከአንድ ምንጭ የሚካፈሉ ስለ ሆኑ፥ ትንሹን በመለካት ስለ ትልልቆቹ መናገር ይቻላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 ዓ.ም. ካውትስኪና ሂርሽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት፥ በጨለማ የቆየ ቅጠል ድንገት ብርሃን ሲያገኝ ፍሎረሰንሱ ፈጥኖ ከፍ ካለ በኋላ ቀስ በቀስ ዝቅ እንደሚል ገለጹ።

በእርሻ ላይ ግን የፀሐይ ብርሃን ራሱ ቀይ ስላለበት ደካማውን የቅጠል ብርሃን ይውጠዋል። ሽራይበርና ባልደረቦቹ በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የገለጹት መሣሪያ ይህንን ችግር አቃለለ። መሣሪያው የራሱን መለኪያ ብርሃን ቶሎ ቶሎ ያበራል፥ ያጠፋል፤ ተቀባዩም ከዚያ ምት ጋር የሚሄደውን ብቻ ይቆጥራል። በገበያ ጫጫታ መካከል የወዳጁን ድምፅ ለይቶ እንደሚሰማ ሰው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ቅጠሉ መዝጊያ ባለው ትንሽ መቆንጠጫ ተይዞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በጨለማ ይቆያል። ከዚያ በደካማ ብርሃን ዝቅተኛው ፍሎረሰንስ፥ ከአንድ ሴኮንድ በማይበልጥ ኃይለኛ ብልጭታ ደግሞ ከፍተኛው ይለካል። የሁለቱ ልዩነት ለከፍተኛው ይካፈላል። ለምሳሌ ዝቅተኛው 340፥ ከፍተኛው 2,000 ቢሆን ውጤቱ 0.83 ነው። ብዙ ዓይነት ጤነኛ ዕፀዋት ወደዚህ ቁጥር ይጠጋሉ።

እኛ ሦስት ተማሪዎች ጥላ የሌላቸውን የቡና ችግኞች በቀትር ለክተን፥ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ስላገኘነው «ተጎድተዋል» ብለን ጻፍን። መምህራችን ደብተሩን አይተው የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «በስንት ሰዓት ለካችሁት?»

ቡና በተፈጥሮው በደን ጥላ ሥር የሚበቅል ተክል ነው። ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲመታው ትርፉን በሙቀት መልክ እያስወጣ ራሱን ይከላከላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ይወርዳል። ይህ መከላከያ አንዳንዱ በደቂቃዎች፥ አንዳንዱ በብዙ ሰዓት ይለቃል። ስለዚህ የቀትሩ ቁጥር ብቻውን መከላከልን ከጉዳት አይለይም። ያንኑ ቅጠል በክር ምልክት አድርጎ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ፥ ፀሐይ ሳትወጣ መለካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ከተመለሰ ቅጠሉ ራሱን ሲከላከል ነበር ማለት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ዐርፎ ካልተመለሰ ግን በእርግጥ ያሳስባል። እኛ ተመልሰን ስንለካ አብዛኞቹ አገግመው ስላገኘናቸው የጻፍነውን ሰረዝን። (በባትሪ መብራት ቅጠሉን መፈለግ ልኩን እንደሚያበላሽ የተማርነውም በዚያው ሌሊት ነው።)

ሌላም ስሕተት አለ። ውኃ የጠማው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ዘግቶ ምግብ መሥራቱን ሲቀንስ፥ ጥማቱ እስኪጸና ድረስ ይህ ቁጥር ብዙም አይለወጥም። 0.83 ያነበበ ሰው አፈሩንም መንካት አለበት።