ለግፋታ በሬ የሚቆጥብ ቤት ለበቆሎም ይቆጥብ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የወላይታ ሶዶ መርካቶ ጉሊት ይደምቃል። የቀን ሥራ ውለው የሚመለሱ፣ ከቢሮ የወጡ፣ ልጅ ያዘሉ ሸማቾች የዕለቱን እራት ፍለጋ ይተራመሳሉ። ስኳር ድንቹ፣ ቲማቲሙና ሽንኩርቱ በመደብ በመደብ ተቆልሏል። የበቆሎ ዱቄቱ በጣሳ ይሰፈራል፤ ዘይቱ ከጀሪካን በስኒ ይቀዳል። ሻጯ ጣሳውን ሞልታ አናቱን ትቆልላለች። ገዢዋ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች፤ አንድ ጭብጥ ይጨመርላታል። ለአላፊ አግዳሚው ይህ ክርክር ትንሽ ነገር ይመስላል። ልጆቿን ቤት ትታ ለወጣች እናት ግን ያቺ ጭብጥ የነገ ቁርስ ናት።

በዚህ ጉሊት ላይ አንድ የኢኮኖሚ ሕግ በየምሽቱ ይሠራል፤ በጥቂቱ የሚገዛ ሰው በውድ ይገዛል። ኩንታሉን ገዝታ በጣሳ የምትሸጠው ነጋዴ የመኪናውን፣ የጫኝና አውራጁን፣ የወፍጮውንና ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የመቀመጧን ዋጋ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ታክላለች፤ ይህ ድካሟ ነውና የሚገባት ነው። ገዢዋም ኩንታል ቢረክስ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም በጣሳ የምትገዛው። በእጇ ያለው የዛሬ ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የአስቤዛ ወጪን ስለ መቀነስ ስናወራ «ትንሽ ብሉ» የሚለው ምክር ከቁም ነገር አይገባም። ጥያቄው መቼ፣ በምን ያህል መጠንና ከማን ጋር ሆነን እንግዛ የሚለው ነው።

ከመቶ ብር ሃምሳ ሁለቱ

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኧርነስት ኤንግል በ1857 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የቤተሰቦችን ወጪ አጥንቶ፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚጨምር አሳየ። ግኝቱ ዛሬም የኑሮ ደረጃ መለኪያ ሆኖ ያገለግላል። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለምግብ የሚያወጣው ከገቢው አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እኛ ጋ ነገሩ የተለየ ነው። በ2008 የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ላይ የተመሠረተው የአገራችን የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ በዓመት 7,184 ብር ነበር። ከዚህ ውስጥ 3,772 ብሩ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ የሚሰጥ ምግብ ለመግዛት ብቻ የተያዘ ነው። ከመቶ ብር ሃምሳ ሁለቱ ሆድ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ ልብስ፣ ትምህርት፣ ሕክምናና ትራንስፖርት የሚሸፈኑት ከቀሪው ነው።

ከዚያ ወዲህ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሆኗል። በ2014 ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ከ30 በመቶ በላይ የነበረው የዋጋ ንረት በ2017 መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሆኖም ንረቱ ቀነሰ ሲባል ዋጋው ረከሰ ማለት እንዳልሆነ ሸማቹ ልብ ሊል ይገባል። በ2016 መጨረሻ 100 ብር የነበረው ዕቃ በ2017 መጨረሻ 114 ብር ገደማ ሆኗል፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም መውጣቱን አላቆመም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባው ዘይትና ማዳበሪያ ሸክሙ ከብዷል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ማለቱ እፎይታ ነው፤ ጭማሪው ግን ለቀን ሠራተኛውና ለገበሬው አይደርስም። ደመወዝተኛውም ቢሆን የሚጠቀመው ደመወዙ በቀኑ ሲከፈለው ነው። በ2016 በወላይታ ዞን የመምህራን ደመወዝ ሲዘገይ የታየው ችግር ይህንኑ ያስታውሰናል። ደመወዝ የዘገየበት ሰው በዱቤ ይገዛል፤ በዱቤ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዋጋ ለመከራከር አፍ የለውም።

ሲረክስ ሸጦ ሲወደድ መግዛት

ወላይታ ለም ነው። በዳሞታ ተራራ ዙሪያ የሚጓዝ ሰው ዓይኑ ከአረንጓዴ አይነቀልም። ነገር ግን ሕዝቡ እጅግ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ዞን ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ነበረው፤ ብዙው ገበሬ የሚያርሰው መሬት ከግማሽ ሔክታር አይበልጥም። ስለዚህ ገበሬ የተባለው ቤተሰብ ራሱ የዓመቱን የተወሰነ ወር እህል ገዢ ነው። ምድሩ ለምልሞ ጎተራው ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ «አረንጓዴ ረሃብ» ያሰኘው ይኸው ነው።

የዋጋውን ጉዞ ለመረዳት የእርሻውን ቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል። በበልግ የተዘራው በቆሎ በክረምቱ መጨረሻ እሸቱ ይበላል፤ ደርቆ የሚሰበሰበው ከመስከረም ወዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበያው በእህል ይሞላል፤ ዋጋም ይለዝባል። ከየካቲት በኋላ ጎተራው ይሳሳል። መጋቢትን፣ ሚያዝያንና ግንቦትን የሚያሻግረው ስኳር ድንች፣ ጎደሬና እንሰት ነው። እንሰት ለወላይታ ቤት ባንክ ነው፤ ተተክሎ ለዓመታት ይቆያል፣ ሲቸግር ይፋቃል። ዝናቡ አስቸግሮ ስኳር ድንቹ ሲከሽፍና እንሰቱን አጠውልግ በሽታ ሲመታው ግን ድልድዩ ይሰበራል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ በቆሎ ገበያ ይወጣል። መንግሥትም ይህን ያውቃል። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ክፍያውን በዓመቱ አጋማሽ አስቸጋሪ ወራት ላይ ያደረገው ለዚህ ነው።

ታዲያ እህሉ በሚረክስበት ወር ለምን አንገዛም? መልሱ መስከረም ላይ ነው። መስከረም የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ የደብተርና የዩኒፎርም ወር ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ግፋታም የሚውለው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው እሑድ ነው። የቤቱ ኪስ የሚራቆተው እህል ሊረክስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው ማለት ነው። ገበሬውም የማዳበሪያ ዕዳውን ለመክፈል ምርቱን እህል በሚረክስበት ጊዜ ያወጣዋል። ሲረክስ የሸጠውን ሲወደድ መልሶ ይገዛዋል።

ግፋታ ያስተማረን

እዚህ ላይ ወላይታ ከየትኛውም የኢኮኖሚ መማሪያ የተሻለ ትምህርት በእጁ አለ። ለግፋታ የሚታረደው በሬ በአንድ ሌሊት አይገዛም። አባወራዎች ተቧድነው ከወራት በፊት ጀምረው ያዋጣሉ፤ በሬውን በጋራ ገዝተው ሥጋውን ይካፈላሉ። እናቶች ለበዓሉ ምግቦች ለሙቹዋውና ለባጪራው የሚሆነውን ቅቤ በየጊዜው ያጠራቅማሉ። ማንም ለብቻው የማይችለውን ሁሉም ተባብረው ይችሉታል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው። በዚህ ቁጠባ ውስጥ አንድ ባንክ የሚመኘው ነገር ሁሉ አለ። ዓላማው ግልጽ ነው፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው፣ ያላዋጣ ሰው በጎረቤቱ ፊት ያፍራል።

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ያው ቡድን ለበሬው ከሚያዋጣው ጎን ለጎን ሁለተኛ ሣጥን ይክፈት። ይህ ሣጥን ግፋታ ሲደርስ አይነካ፤ የሚከፈተው በኅዳር ይሁን፤ የሚገዛበትም በቆሎ ይሁን።

ስሌቱን እንሥራው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን ከሚያስፈልገው ምግብ ግማሹን ከበቆሎ ቢያገኝ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ከየካቲት እስከ ግንቦት ላሉት አራት ወራት አንድ ኩንታል ተኩል ይበቃዋል። ለስሌት ያህል ብቻ ኪሎው በኅዳር 50 ብር፣ በግንቦት 65 ብር ነው እንበል። በኅዳር 7,500 ብር ያወጣ ቤት በግንቦት ዋጋ ቢሰላ 9,750 ብር የሚያወጣ እህል አለው፤ ልዩነቱ ቢበዛ 2,250 ብር ነው። ያው 7,500 ብር በባንክ በዝቅተኛው የ7 በመቶ ወለድ ለስድስት ወር ቢቀመጥ የሚያስገኘው 262 ብር ከሃምሳ ሳንቲም ነው። 7,500 ብሩን ለማጠራቀም በሳምንት 150 ብር ለሃምሳ ሳምንታት ማዋጣት ይጠይቃል። አሥር ቤት ሲተባበር አሥራ አምስት ኩንታል ይሆናል፤ ይህን የሚገዛ ቡድን ከገበሬው ወይም ከኅብረት ሥራ ዩኒየኑ ጋር በቀጥታ መደራደር ይችላል፤ የመኪናውን ኪራይም ይካፈላል።

ሥጋት የለውም አልልም። በልጉ ሰምሮ እህል ከሌላ አካባቢ በብዛት ከገባ ልዩነቱ ይጠባል። እንዲያም ሆኖ በግንቦት እቤት ያለ እህል ይበላል እንጂ አይባክንም።

ትልቁ ጠላት ነቀዝ ነው

የማይረሳው ነገር ግን ማከማቻው ነው። ከኩንታል ተኩሉ ነቀዝ አሥር በመቶውን ቢበላ በግንቦት ዋጋ 975 ብር ይጠፋል፤ ከትርፉ ግማሽ የሚጠጋው ሄደ ማለት ነው። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ደግሞ ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ለጤናም ጠንቅ ነው። ድርቀቱን ለመለየት ወጪ የሌለው ዘዴ አለ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ጭብጥ በቆሎና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ከደረቀ በኋላ ፒክስ በሚባለው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት አየሩን አስወጥቶ አጥብቆ ማሰር ይበጃል። ውስጥ የቀረው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፤ የነቀዝ ክኒን አያስፈልግም። ሰው በሚተኛበት ቤት ክኒን ማስቀመጥ ሕይወት የሚያሳጣ መሆኑን ሁሉም ይወቀው። የከረጢቱ ዋጋ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ግን ለቀጣዩ ዓመትም ያገለግላል።

የገበሬውን ችግር ግን ከረጢት ብቻ አይፈታውም። በምዕራብ ኬንያ ማርሻል በርክና ባልደረቦቹ የሠሩትና በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው ጥናት ለገበሬዎች በምርት መሰብሰቢያ ወቅት ብድር ቢሰጣቸው ምን እንደሚሆን ፈትኗል። ብድሩን ያገኙት በቆሎአቸውን ለመሸጥ አልቸኮሉም፤ ዋጋ ሲሻሻል ሸጠው ተጠቀሙ። ብዙ ገበሬ ብድር ባገኘበት አካባቢ ደግሞ በወቅቶች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ራሱ ጠበበ፤ ያልተበደረው ጎረቤትም ከዚህ ሳይጠቀም አልቀረም። በእኛም አገር ኦሞ ባንክን የመሳሰሉ በገጠር የሚሠሩ አበዳሪዎችና የቁጠባና ብድር ማኅበራት የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያውን ከጥቅምት ወደ ሚያዝያ ቢያሸጋግሩት፣ በጎተራ ያለውንም እህል እንደ ዋስትና ቢቀበሉ፣ ገበሬው በርካሽ ከመሸጥ ይተርፋል።

ከሕፃኑ ትሪ አይቀነስ

በቤት ውስጥም ሊቀነስ የሚችል ወጪ አለ። ቦሎቄ አድሮ ከተዘፈዘፈ ቶሎ ይበስላል፤ ከሰል ይቆጥባል። ቦሎቄና በቆሎ አብረው ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ይሞላል፤ ሥጋ በማይገዛበት ሳምንት ይህ ለልጆች ትልቅ ነገር ነው። ብርቱካናማው ስኳር ድንች ቫይታሚን ኤ ይሰጣል፤ በጓሮ ጥግም ይበቅላል። ዘይቱን በስኒ ከመግዛት ሦስት ጎረቤት አዋጥቶ አንድ ጀሪካን ቢካፈል ይሻላል። ከሕፃኑ ትሪ ላይ ቀንሶ የተገኘ ገንዘብ ግን ቁጠባ ሊባል አይችልም። ያ ዕዳ ነው፤ ዓመታት ቆይቶ በሐኪም ቤትና በትምህርት ውጤት ይከፈላል።

ወላይታ መቆጠብ እንደሚችል በየዓመቱ መስከረም ያስመሰክራል። በሬው ታርዶ፣ ሥጋው ተከፋፍሎ፣ ቡድኑ ከመበተኑ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ለኅዳርስ?» ብሎ ይጠይቅ። ያ ጥያቄ በየሰፈሩ ሥር ከሰደደ ያቺ እናት በግንቦት ምሽት ጉሊት የምትወርደው ቲማቲምና ሽንኩርት ልትገዛ ብቻ ይሆናል። በቆሎው እቤቷ አለ።