መተንፈሻው ሲዘጋ

በጤነኛ ሰው ላይ «ተንፍስ» የሚለው ትእዛዝ በዋናነት የሚመጣው ከኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ሲበዛ ደሙ አሲዳማ ይሆናል፤ በአንጎል ግንድ ያለው የአተነፋፈስ ማዕከልም ደረትንና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ያዘዋል። ድያፍራም ወደ ታች ሲወርድ ደረት ይሰፋል፣ አየር ይገባል፤ ሲላላ ይወጣል። ያረፈ አዋቂ በአንድ ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል ያስገባል፤ ከዚህ 150 ሚሊ ሊትር ገደማው ግን ከጉሮሮና ከአየር ቧንቧ ሳያልፍ ይመለሳል። ቶሎ ቶሎ፣ ግን ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚተነፍስ በሽተኛ ብዙ አየር ያገኘ ቢመስልም፣ በዚህ ምክንያት ሳንባው ዘንድ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ ነገር ሐኪሞችንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሀገንን የልጅነት ልምሻ ሲመታት፣ የመተንፈሻና የመዋጫ ጡንቻቸው የሰለለ ሕሙማን ብሌግዳም ሆስፒታልን አጥለቀለቁት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት በነበሩት ጥቂት የመተንፈሻ መሣሪያዎች ከታከሙት 31 ሰዎች 27ቱ ሞቱ። በደማቸው የታየውን ለውጥ ሐኪሞቹ በተቃራኒው ተረጎሙት፤ ደሙ አሲድ አንሶታል አሉ። የሰመመን ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን ግን ሕሙማኑ ጋዙን ማስወጣት አቅቷቸው እንደሆነ ተረዳ። ነሐሴ ማብቂያ ላይ የአንዲት የ12 ዓመት ልጅ አንገት ተሰንጥቆ ቱቦ ገባላት፤ እሱም በላስቲክ ከረጢት አየር በእጁ ይገፋላት ጀመር። መጀመሪያ ታገለችው። በመድኃኒት ካደነዘዛት በኋላ ትንፋሿ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲያ 1,500 ያህል ተማሪዎች በፈረቃ ከየአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ከረጢት ሲጨምቁ ከረሙ፤ የሞቱ መጠንም ከግማሽ በታች ወረደ። የዛሬው የጽኑ ሕሙማን ክፍል የተወለደው እዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሆስፒታል ውጭ ግን የሚያስፈልገው እጅ ብቻ ነው። ራሱን ስቶ በጀርባው የተንጋለለ ሰው ጡንቻው ሁሉ ይላላል፤ ምላሱ ወደ ኋላ ሄዶ ጉሮሮውን ይዘጋል። የማንኮራፋት ድምፅ ከተሰማ ቧንቧው በከፊል ተዘግቷል፤ «እንቅልፍ ወስዶት ነው» ብሎ መተው ሕይወት ይቀጥፋል። አንዱን እጅ ግንባሩ ላይ አድርጎ ራሱን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማዘንበል፣ በሌላው እጅ ጣቶች የአገጩን አጥንት ወደ ላይ ማንሳት ይገባል። ምላስ ከመንጋጋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አብሮ ይነሳል። ቀጥሎ ጆሮን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ ደረቱን እያዩ፣ ቢበዛ ለ10 ሰከንድ ማዳመጥ ነው። ደህና የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ይተኛ፤ ትውከት ቢመጣው ወደ ሳንባው አይገባም። የማይተነፍስ ወይም እያጣጣረ ብቻ ከሆነ ግን ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በኃይል፣ በፍጥነት መጫን ያስፈልጋል፤ አንጎል ያለ ኦክስጅን በ4 እና በ6 ደቂቃ መካከል መጎዳት ይጀምራልና። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሪ 907 ነው።

የተለመዱት ርዳታዎች ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ከራስ ሥር የሚገባ ትራስ አንገትን አጥፎ ቧንቧውን ያጠብባል። ራሱን ለሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚጨመር ውኃ ወደ ሳንባ ይወርዳል። የሚጥል በሽታ ለተነሳበት ሰው ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር መያዝም ጭስ ከማስተንፈስ በቀር የሚፈይደው የለም፤ መንፈራገጡ ሲያበቃ በጎኑ ማስተኛት ይሻላል።