በአህያ ጋሪ የሚዞረው የልጆች ቤተ መጻሕፍት

የአህያ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ በተሠራለት፣ አህያ በሚጎትተው ጋሪ የሕፃናት መጻሕፍትን ከሰፈር ሰፈር የሚያዞር ማንበቢያ ነው። በኢትዮጵያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ሐዋሳ ላይ ሥራ ሲጀምር ነው። የአህያ ጋሪ ውሃ፣ እህልና አሸዋ ሲያመላልስ በየመንገዱ ስለሚታይ ለልጆቹ አዲስ የሆነባቸው ጭነቱ ብቻ ነበር። መኪና ለመግዛትም ሆነ ነዳጅ ለመሙላት አቅም ለሌለው ሥራ ደግሞ ከአህያ የተሻለ አጓጓዥ አይገኝም፤ አስፋልት አትፈልግም፣ ጠባብ መንገድም አያግዳትም።

የሐሳቡ ባለቤት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነው። ነገሌ ቦረና የተወለደው ዮሐንስ በስደት አሜሪካ ገብቶ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረ፤ ከዚያም በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍል ሠራ። ክፍሉ ለስደተኛ ቤተሰቦች በየቋንቋቸው የተጻፉ የልጆች መጻሕፍትን ይሰበስብ ነበር፤ በአማርኛ የሚገዛ ግን ሲፈለግ ታጣ። በዚህ መሐል አንድ የኢትዮጵያ ተረት መነሻው የሆነ የእንግሊዝኛ የሥዕል መጽሐፍ ዮሐንስ እጅ ገባ፤ ደራሲዋ በልጅነቷ እዚሁ ኢትዮጵያ፣ ማጂ ያደገችው ጄን ከርትዝ ነበረች። ጻፈላት፣ ተገናኙ፣ ኢትዮጵያ ሪድስ በሚል ስም የሚታወቀውን ድርጅት አብረው አቋቋሙ። የመጀመሪያ ሥራቸውም እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው፣ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያቀረበው መጽሐፍ ሆነ። የእናቱን ምክር ሁልጊዜ በማይሆን ቦታ ሥራ ላይ የሚያውለውን ማሞን በሥዕል ለማየት የኢትዮጵያ ልጆች ይህን ያህል ዘመን መጠበቃቸው ያስገርማል፤ ተረቱን እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ዮሐንስ በዚያው ዓመት ከሳን ፍራንሲስኮ የተለገሱ 15,000 ያህል መጻሕፍት ይዞ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ በሚኖርበት ቤት ምድር ቤት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ የተጀመረው የአህያ ጋሪ የተከተለው ይህን ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ መምጣት ለማይችለው ልጅ መጽሐፉ ራሱ እንዲሄድለት።

አሠራሩ ቀላል ነው። በደማቅ ቀለም የተቀባው ጋሪ ጥላ ያለበት ሜዳ ላይ ይቆማል፤ መደርደሪያው ሲገለጥ ልጆቹ ወረፋ ይዘው የየራሳቸውን ይመርጣሉ። ምርጫው የልጁ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ እንዳይቀደድ ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፤ እዚህ ግን ገና ፊደል ያልለየ ልጅ እንኳ ሥዕሉን አይቶ ያነሣል፣ ያገላብጣል፣ ካልጣመው መልሶ ሌላ ይወስዳል። የመጽሐፍ ፊትና ጀርባ የትኛው እንደሆነ፣ ገጹ ከየት ወደየት እንደሚገለጥ፣ ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ የሚማረው በዚህ ነው። ይህን ቤቱ መጽሐፍ ያለው ልጅ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል፤ የሌለው ግን አንደኛ ክፍል ገብቶ ከፊደሉ ጋር አንድ ላይ ይጋፈጠዋል። ቀጥሎ ሠራተኛው ወይም ከፍ ያለ ልጅ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል።

ጮክ ብሎ ማንበብ በአማርኛ የተለየ ጥቅም አለው። ከሀ እስከ ፐ ያሉት 33 ፊደላት በሰባት በሰባት ቤት ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ ብዛታቸው ቢያስፈራም እያንዳንዱ ድምፁን ስለሚናገር ትጉህ ልጅ ፊደሉን ቶሎ ይዘልቀዋል። የሚያስቸግረው ጽሕፈቱ የማያሳየው ነገር ነው፤ መጥበቅና መላላት። «አንበሳው አለ» የሚል መስመር ያገኘ ልጅ አንበሳው ተናግሮ ይሁን ወይስ እዚያው ኖሮ ከፊደሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ላልቶ ሲነበብ አንድ፣ ጠብቆ ሲነበብ ሌላ ነው። የሚፈርደው ታሪኩ ነው። ብዙ ተረት ሲነበብለት የሰማ ልጅ ሳያቅማማ ያልፈዋል፤ ያልሰማው ፊደል እየቆጠረ ይቀራል።

ድሮ በየኔታ ዘንድ ሀሁንና አቡጊዳን የጨረሰ ልጅ ወዲያው የሚያነበው ነገር ነበረው፤ መልእክተ ዮሐንስ፣ ከዚያም ዳዊት። ቋንቋው ግእዝ በመሆኑ ትርጉሙ ቢዘገይም ምላሱ ይፍታታ ነበር። የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጅ ብዙ ጊዜ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ የሚያነበው አይኖረውም፤ እሱንም ከሌሎች ጋር ይጋራል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ንባብ ሲመዘን፣ ብዙ የ2ኛ ክፍል ልጆች አንድ ቃል እንኳ በትክክል ማንበብ አልቻሉም።

የቤተ መጻሕፍቱ ዋና ችግር የመጽሐፉ ቋንቋ ነው። ከውጭ የሚለገሰው በአብዛኛው እንግሊዝኛ ሲሆን የሚተርከውም ስለ በረዶ ሰውና ስለ ሃሎዊን ዱባ ነው። ሥዕሉ ዓይን ይስባል፤ ለአራት ዓመት ልጅ ግን ማንበቢያ አይሆንም፣ ወላጁም ሊያነብለት አይችልም። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አማርኛውም ብቻውን አይበቃም፤ ሲዳምኛ የሚናገሩ ልጆች በላቲን ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ይፈልጋሉ። መፍትሔው አገር ውስጥ ማሳተም ነው። በዚህ ረገድ ከርትዝ የተሳተፈችበትና ሲያትል አካባቢ ያለ ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ የተባለ ድርጅት የሚያዘጋጀው ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የተሰኘ የልጆች መጻሕፍት ስብስብ የሚጠቀስ ነው። ከ100 በላይ ርእሶች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ አጭር ታሪክ በአንድ የኢትዮጵያ ቋንቋና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይቀርባል። በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ለሚሹ ወላጆችም ይኸው መጽሐፍ ያገለግላል።

ጭነቱን የሚሸከመው እንስሳ እንደ አገሩ ይለያያል። በከምባታ ጠምባሮ ፈረስ ተሞክሯል። በኬንያ ጋሪሳ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1996 በግመል ጀመረ። በሶማሌ ክልል ሴቭ ዘ ችልድረን የሚያንቀሳቅሳቸው ግመሎች እያንዳንዳቸው በእንጨት ሳጥን እስከ 200 የተረት መጽሐፍ ይጭናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ 33 መንደሮችን ያዳርሱ ነበር። አርብቶ አደሩ ከብቱን ተከትሎ ሲሄድ የማይንቀሳቀስ ቤተ መጻሕፍት ብዙም ስለማይጠቅም በዚያ አካባቢ ግመሉ አማራጭ የሌለው ነው ማለት ይቻላል።

ጋሪው ድክመትም አለው። ቆይታው አጭር ነው፤ ልጁ ሳይጨርስ የተወውን ታሪክ የሚያገኘው ጋሪው ሲመለስ ነው። ዝናብ ከወረቀት ጋር ስለማይስማማ ክረምቱ ያስቸግራል፤ አህያዋም መኖና ሐኪም ትፈልጋለች። ስለዚህ ጋሪው ብቻውን ሳይሆን ቋሚ ማንበቢያ መነሻና መመለሻው ሲሆን ይሻላል። ከሁሉም በላይ የሚወደድ መጽሐፍ ያልቃል። ጥራዙ ይላላል፣ ጠርዙ ይታጠፋል፣ የተወደደው ገጽ ይገነጠላል። ይህን እንደ ጥፋት የሚቆጥር ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን ወደ ቁም ሳጥኑ ይመልሰዋል። በአግባቡ የሚመራው ግን የመጽሐፍ ማለቅን ከመኖው ጋር በበጀቱ ይይዘዋል፤ ያለቀውን ያወጣል፣ በጣም የተነበበውን ርእስ ደግሞ በብዛት ያዛል።