የጎመንና የብሮኮሊ ጥቅም ከቅቃዩ ጋር እንዳይደፋ

ስለ አትክልት ስናሠለጥናችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ችግኝን፣ መስኖንና ገበያን ነው። ይህ ጽሑፍ ግን ወደ ማብሰያው ቤት ይገባል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት አብራችሁ አንብቡት።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ሰቆጣ ጎረቤታችን ናት፣ ችግሩም የእኛው ነው። ከሀብሩ መስኖ የወጣ አትክልት ወደ መርሳና ወልድያ ገበያ ሲሄድ ለቤት የሚቀረው ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱም ብዙ ውኃ ውስጥ ሲንተከተክ ቆይቶ ውኃው ይደፋል። ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት በውኃ የሚሟሙ፣ ሙቀት ሲበዛባቸውም የሚጎዱ ናቸው። ስለዚህ ቅቃዩን ስትደፉ ዋናውን ጥቅም ትደፋላችሁ።

ብሮኮሊ በአካባቢያችን ገና ብርቅ ነው። ቀዝቀዝ ያለ አየር ስለሚወድ ከቆላው ይልቅ ለደጋውና ለወይና ደጋው ይስማማል። 100 ግራም ጥሬ ብሮኮሊ 90 ሚሊ ግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ብርቱካን በዚያው ክብደት 50 ገደማ ነው። ዘሩን ያላገኛችሁ አትጨነቁ፤ የጓሯችሁ የሐበሻ ጎመን ዘመዱ ነው፣ አበሳሰሉም ተመሳሳይ ነው።

በመጀመሪያ ሳይከተፍ እጠቡት። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ጥቅሙን ያሳጥባል። በአበባው ውስጥ ክሽክሽና ትል ስለሚደበቅ ጨው ባለው ውኃ ለጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፉና አለቅልቁት። ፀረ ተባይ ከተረጨ በዕቃው ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ሳይሞላ ለቤትም ለገበያም አትቁረጡ። በዚህ ነገር ድርድር የለም።

ግንዱን አትጣሉት፤ ጠንካራውን ልጣጭ ገፋችሁ በቀጫጭኑ ክተፉት። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምሩ። ከዚያ ግንዱን አስቀድሙ፣ ከሦስት ደቂቃ በኋላ አበባውን አግቡ። አንድ የቡና ስኒ ውኃ ጠብ አድርጋችሁ ድስቱን ክደኑ። አራት ወይም አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ሲነከስም ጥቂት ጠንከር እንዳለ አውጡት። ወደ ቡናማ ሲያደላና ሽታው ሲከብድ አልፎበታል፤ ልጆች ጎመን አንበላም የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ሽታ ነው። የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ አሥር ደቂቃ ያህል ስጡት። የተረፈ ቅቃይ ካለ ወጥ ወይም ሽሮ አቅጥኑበት።

ዘይቱ ለጣዕም ብቻ አይደለም። በአረንጓዴ ቅጠል ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲያገኝ ነው። በጾም ዘይት፣ በፍስክ ቅቤም ይሆናል፤ ለልጆች እንቁላል ቢመታበት ደግሞ እጅግ ይጣፍጣል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ሎሚ ጭመቁበት፤ በጤፍ እንጀራና በምስር ያለው ብረት በደንብ እንዲዋሃድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ስለሚይዙ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩዋቸው። ለቡና ወዳጅ ወሎዬ ይህ ከባድ ምክር መሆኑን እናውቃለን፤ ቢያንስ እርጉዝና የምታጠባ እናት ትጠብቀው።

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን በስሎ የለሰለሰውን በማንኪያ ጀርባ ድፍጥጥ አድርጋችሁ ከገንፎው ጋር ቀላቅሉለት፤ ቃሪያና ጨው አይግባበት።