«ናኖ» የሚል ምልክት ያለባቸውን የእርሻ ቅመሞች ስለመመርመር

በአሁኑ ጊዜ «ናኖ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ማዳበሪያዎችና ፀረ ተባዮች በልዩ ልዩ አገሮች ገበያ ላይ ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት እንዲህ ያለ ዕቃ ሲቀርብላቸው ምን መጠየቅ እንደሚገባቸው ማስረዳት ነው።

ናኖ ማለት ምንድን ነው?

አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ናኖ የሚባሉት ቅንጣቶች ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ይደርሳሉ። አንድ ንጥረ ነገር ይህን ያህል ሲደቅ ክብደቱ ሳይጨምር የገጹ ስፋት እጅግ ይበዛል። ለምሳሌ ጎኑ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩብ፣ ጎናቸው 100 ናኖ ሜትር ወደሆነ ኩቦች ቢከፋፈል ጠቅላላ የገጹ ስፋት 10,000 እጥፍ ይሆናል። በዚህም የተነሳ በውሃና በአፈር ውስጥ፣ እንዲሁም በሕያዋን ላይ የሚኖረው ጠባይ ሊለወጥ ይችላል። «ይህ ድሮ የምናውቀው ዚንክ ነው» የሚለው መልስ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

በአፈር ላይ የታየ ውጤት

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ ተመራማሪዎች በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሁለት ዓይነት ናኖ ቅንጣቶች በተጨመሩበት አፈር ላይ አኩሪ አተር አብቅለው ነበር። ዚንክ ኦክሳይድ በተጨመረበት አፈር ላይ ዚንኩ በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ለናፍጣ ማሻሻያ የሚውለው ሴሪየም ኦክሳይድ በከፍተኛ መጠን በተጨመረበት አፈር ላይ ደግሞ በሥሩ እባጮች ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን የመያዝ ተግባራቸው ክፉኛ ተዳከመ። ይህ ውጤት ናኖ ሁሉ ጎጂ ነው አያሰኝም። ነገር ግን ለባቄላና ለሽምብራ ሕያው ማዳበሪያ ገዝቶ ዘሩን የሚያሽ ማኅበር፣ ባክቴሪያውን የሚጎዳ ቅመም ቢጨምርበት ገንዘቡንም ምርቱንም ሊያጣ ይችላል።

የሕግ ሁኔታ

በአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ኬሚካል አስመዝጋቢዎች ስለ ናኖው ዓይነት የተለየ መግለጫ እንዲያቀርቡ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። በአገራችን በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ፀረ ተባይ ለአገልግሎት ከመዋሉ በፊት መመዝገብ እንዳለበት ደንግጓል። ሆኖም የተለመደው ዓይነት ስለተመዘገበ ብቻ ናኖውም አብሮ ተፈቅዷል ብሎ መገመት አይገባም።

ከመግዛት በፊትና በኋላ

1. ሻጩ የምዝገባ ማስረጃውን እንዲያሳይና ማስረጃው ለናኖው ዓይነት የተሰጠ መሆኑን እንዲያረጋግጥ መጠየቅ።

2. የንጥረ ነገሩን ስም፣ መጠንና የጥንቃቄ መመሪያ የማይገልጽ ዕቃ አለመቀበል።

3. ዱቄቱ እንዳይቦን መጠንቀቅ፤ በመመሪያው የታዘዘውን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ማድረግ።

4. መርጫውን በወንዝ ወይም በምንጭ አጠገብ አለማጠብ፤ ባዶውን ዕቃ ለውሃም ሆነ ለምግብ አለመጠቀም።

5. በመጀመሪያው ዓመት በጠባብ መደብ ብቻ መሞከርና ጎን ለጎን ቅመሙ ያልገባበት መደብ መተው። በአበባ ጊዜ ከሁለቱም መደቦች ጥቂት የባቄላ ተክሎች በጥንቃቄ ተነቅለው የሥራቸው እባጮች ቢሰነጠቁ፣ ውስጣቸው ቀላ ያለ ከሆነ ባክቴሪያው በሥራ ላይ ነው። ቅመሙ በገባበት መደብ ብቻ አረንጓዴ ወይም ነጣ ብለው ቢገኙ ቅመሙን ማቆምና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ይገባል።

የተበላሸ ሰብል በሚቀጥለው ክረምት ሊተካ ይችላል። ከአፈር ጋር የተቀላቀለን ናኖ ቅንጣት ግን ለቅሞ ማውጣት አይቻልም። ስለሆነም ጥያቄው መቅረብ ያለበት ዕቃው ወደ ማኅበሩ መጋዘን ከመግባቱ በፊት ነው።