የድባቴ መድኃኒት «ለሐበሻ አይሠራም» ያለው ማን ነው?

ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው መስመር አንድ ወሬ እየዞረ ነው። «የድባቴና የጭንቀት መድኃኒት ለሐበሻ አይሠራም፤ ጉበታችን ያቃጥለዋል፤ ጥናት የወጣበት ነው» ይላል። ወሬው ከባዶ የተነሣ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ግን ከኋላው እውነተኛ ጥናት አለ፤ ያውም ቀዳሚ ጸሐፊዋ ኢትዮጵያዊት የሆነችበት፣ በመድኃኒት ሙያ ውስጥ ስኖር ከሁሉ አብልጬ የምወደው ጥናት። ያን ጥናት ገልብጦ ሰው ክኒኑን እንዲጥል ምክንያት ማድረግ ነውር ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ወሬውን ያወራው ሳይሆን ክኒኑን የጣለው ሰው ነውና።

መነሻውን በአጭሩ ልለፈው። ድባቴ (ድብርትም ይባላል) ውሎ አድሮ የሚለቅ ሐዘን አይደለም። እንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ ጉልበትና ተስፋ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተያይዘው የሚከዱበት ሕመም ነው። መድኃኒቶቹ ይሠራሉ ወይ ለሚለው፣ የኦክስፎርዱ አንድሪያ ቺፕሪያኒና ባልደረቦቻቸው በ2018 እ.ኤ.አ. 21 መድኃኒቶችን፣ 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሰዎችን አንድ ላይ መዝነው ሁሉም ከባዶ ክኒን እንደሚሻሉ አሳይተዋል። ብልጫው መጠነኛ ነው፤ ሁሉንም ሰው አያድንም። ግን አለ። በዚያ ሚዛን ከፊት ከተሰለፉት አንዱ እኛ ጤና ጣቢያ የምናገኘው አሮጌውና ርካሹ አሚትሪፕቲሊን መሆኑን ልብ ይሏል። በ2022 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊቷ ጆአና ሞንክሪፍ «ድባቴ የሴሮቶኒን ማነስ ነው የሚለው በማስረጃ አልተደገፈም» ብለው ሲጽፉም ብዙ ሰው መድኃኒቱ ከንቱ ነው የተባለ መስሎት ነበር። የተሟገቱት ግን በሕመሙ መንስኤ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሰውን ይረዳል ወይ የሚለው በሌላ ዓይነት ሙከራ የሚመለስ ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህ ወሬ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ሲወራ ለምን እንደሚያስፈራኝ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ደጃፍ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ከዛሪማና ከአዲ አርቃይ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅና ዳባት ላይ ተጠልሏል። ዓመት ሳይሞላ በዳባት ወረዳ አለምዋጭ ለኤርትራውያን ስደተኞች መጠለያ ተከፈተ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዱን ይዘጋዋል፤ ይከፍተዋል። ድባቴ ጦርነትን አይጠብቅም፤ በሰላሙም ቀን ነበረ። ግን ልጁን የቀበረና ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በበዛበት አገር «መድኃኒቱ ለእኛ አይሆንም» ማለት የቀረችውን አንዲት በር መዝጋት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጉበት እንግባ። የምንውጠው መድኃኒት ከአንጀት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያልፈው በጉበት ነው። ጉበት ለሰውነት እንግዳ የሆነን ነገር እየሰባበሩ በሽንት እንዲወጣ የሚያደርጉ ኢንዛይሞች አሉት። ከነዚህ አንዱ ሲፕ 2ዲ6 ይባላል። የሚሠራበትን ትእዛዝ የያዘው ጂን 22ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ይህ አንድ ኢንዛይም በሐኪም ከሚታዘዙ መድኃኒቶች ከአምስቱ አንዱን ያህል በመሰባበር ይካፈላል፤ ከድባቴ መድኃኒቶች ብዙዎቹ በእጁ ያልፋሉ።

ወፍጮ ቤት አድርገን እናስበው። መድኃኒቱ እህሉ ነው። አንድ ወፍጮ ያለው ቤት የመጣለትን እህል በልክ ይፈጫል፤ እህሉም ተራው እስኪደርስ ደም ውስጥ ቆይቶ ሥራውን ይሠራል። ወፍጮው የተሰበረበት ቤት እህሉ ይከማችበታል፤ ይህ ሰው በተለመደው መጠን እንኳ ሊመረዝ ይችላል። ሁለትና ሦስት ወፍጮ የተተከለበት ቤት ደግሞ እህሉን ገና ከመድረሱ ይጨርሰዋል። ጂኑ ተደጋግሞ የተጻፈበት ሰው እንደዚህ ሦስተኛው ቤት ነው።

ይህ የታወቀው በአንዲት የድባቴ ታማሚ ምክንያት መሆኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሌፍ ቤርቲልሶን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ኖርትሪፕቲሊን የምትወስድ፣ ከሌላው ሰው በእጥፍ ድርብ የሚበልጥ መጠን ካልተሰጣት የማይሻላት ሴት እንዳለች ዘገቡ። መድኃኒቱ አልሠራላትም ብለው አላሰናበቷትም። በደሟ ውስጥ ያለውን ልክ እየለኩ መጠኑን ከፍ አደረጉላት። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ምክንያቱ ተገኘ፤ ጂኑ ከተለመደው በላይ ቅጂ ነበረው።

ከዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. ያ ጥናት ወጣ። እሌኒ አክሊሉና በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ያሉ ባልደረቦቻቸው 122 ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን መረመሩ። ጂኑ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ሆኖ የተደጋገመባቸው 29 ከመቶ ሆነው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከአንድ እስከ ሁለት ከመቶ ገደማ ነው። ወሬው የመጣው ከዚህ ነው። 29 ከመቶ ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ ሲሄድ «ሐበሻ በሙሉ» ሆነ፤ «ቶሎ ይሰባብራል» የሚለውም «አይሠራም» ሆነ።

ቁጥሩን እንደ ተጻፈ ብናነበው እንኳ 71 ከመቶው የተደጋገመ ጂን የለውም። ያለውም ሰው ቢሆን ጥያቄው የትኛው መድኃኒት፣ በምን መጠን የሚል ነው። አሚትሪፕቲሊን ጉበት ሲደርስ በሌላ ኢንዛይም፣ በሲፕ 2ሲ19፣ ወደ ኖርትሪፕቲሊን ይለወጣል፤ እሱም ራሱ መድኃኒት ነው። ሁለቱንም ወደ ደካማ ነገር የሚሰባብራቸው 2ዲ6 ነው። ስለዚህ ወፍጮው የበዛበት ሰው በትንሽ መጠን ለውጥ ላያይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይመርጥለታል ወይም እየተከታተለ መጠኑን ያስተካክልለታል። ሌላው የድባቴ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲን ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ በ2ዲ6 ይፈጫል፣ ዞሮም ወፍጮውን ራሱን ይቆልፈዋል። ሲሰባበር የሚወጣው ኖርፍሉኦክሰቲን ደግሞ እንደ ወላጁ ይሠራል፤ ከሳምንት በላይም በሰውነት ይቆያል። ለዚህ ነው ሁለቱን ክኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድ ላይ መውሰድ አደገኛ የሚሆነው፤ ፍሉኦክሰቲን በሩን ሲዘጋ አሚትሪፕቲሊን ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ልብንም ይጎዳል። ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ደግሞ በ2ዲ6 ላይ ብዙ አይደገፍም። ጫትም እዚህ ይገባል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ የተሠራ ጥናት ጫት 2ዲ6ን እንደሚያዳክም አሳይቷል። ጫት የሚቅም ሰው ይህን ለሐኪሙ ሳያፍር ይንገር።

ይኸው ጂን መድኃኒትን ከማድከም ይልቅ የሚያበረታበት ጊዜም አለ። የሕመም ማስታገሻው ኮዴይን በራሱ ብዙ አይሠራም፤ የሚሠራው 2ዲ6 ሰባብሮ ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። እዚህ ላይ ሰውን የሚነካው እህሉ ሳይሆን ዱቄቱ ነው። ወፍጮው በበዛበት ሰው ሞርፊኑ በአንዴ ይጎርፋል፤ ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። በ2015 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ኮዴይንን ያገደው ይህን ዓይነት ማስረጃ ይዞ ነው። የእነ እሌኒ ጥናት ለሰው የዋለው ውለታ እንዲህ ያለ ነው።

እኔ በምወደው በዚህ ዘርፍ ውስጥ ክርክር መኖሩን ግን አልደብቅም። 122 ሰው ብዙ ቋንቋና ብዙ ዘር ያለውን አገር አይወክልም። ጂኑ ተደጋግሟል ማለትም ኢንዛይሙ በተግባር ያን ያህል ይፈጥናል ማለት አይደለም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያወዳድሩ፣ ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በአገር ቤት ያሉት ኢንዛይማቸው ቀርፋፋ ሆኖ ተገኘ። ከምግብ ወይም ከአካባቢ የሚመጣ ነገር ሥራውን ያቀዘቅዘዋል ማለት ነው። በአፍሪካውያን ዘንድ የሚበዛ፣ ሥራው ዝግ ያለ የጂኑ ዓይነትም በኢትዮጵያውያን ይገኛል። ጂኑ ለምን እንደ በዛ የሚነገረውም፣ አባቶቻችን በረሃብ ዘመን መርዝ ያለበትን ቅጠልና ሥር ሲበሉ የተረፉት ጉበታቸው የፈጠነው ናቸው የሚለው፣ ደስ የሚል መላምት ነው፤ ከመላምትነት አላለፈም። ስለዚህ «ሐበሻ ነህና መጠኑን እጥፍ አድርግ» የሚል ባለሙያ ካለ እሱም እንደ ወሬኛው ተሳስቷል።

በመድኃኒት መስኮት ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝን አንዱን ላሳይ። ከዳባት ወዲያ ያለ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ከተሰጣቸው አሚትሪፕቲሊን አብዛኛውን ይዘው ተመለሱ። ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ይኸን መልሱልኝ። ምላሴ እንደ ቁርበት ደረቀ፤ ሆዴ ታሠረ፤ ጧት ጧት አይኔ አልገለጥ አለኝ። ጭንቀቴ ግን እንዳለ ነው» አሉኝ። «ሰውም ለእኛ ደም አይሆንም ብሎኛል።»

«እናቴ፣ ደምዎ ቢያቃጥለውማ ኖሮ አፍዎ ባልደረቀ» አልኳቸው። መድኃኒቱ ገብቷል፤ እየሠራም ነው። ችግሩ አስቀድሞ የሚመጣው ጉዳቱ ሆኖ ጥቅሙ መዘግየቱ ነው። አፍ መድረቅ፣ የሆድ ድርቀትና ድብታ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይታያሉ፤ ልብ ቀለል የሚለው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። ብዙ ሰው የሚጥለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ይህን ቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ውኃ ቶሎ ቶሎ መጎንጨት፣ ክኒኑን ማታ ከመኝታ በፊት መውሰድ፣ ካልተቻለም ወደ ፍሉኦክሰቲን መቀየር እንደሚቻል ተነገራቸውና ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ስለዚህ ወሬውን ለሰማ ሁሉ የምለው ይህ ነው። ክኒን ጀምረው ለውጥ ካላዩ ወደ ጻፈልዎ ባለሙያ ተመልሰው «ይህን ያህል ሳምንት በትክክል ወሰድኩ፣ አልተሻለኝም» ይበሉ፤ መጠኑን የሚያስተካክለው እሱ ነው። በራስዎ አይጨምሩ፤ አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብን ያቆማል፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። ሲሻልዎም ወዲያው አይተዉት፤ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከተሻለ በኋላ ከ9 እስከ 12 ወር መቀጠልን፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ መቀነስን ይመክራል። ድንገት ሲያቆሙ የሚመጣው ማዞርና መነጫነጭ ሱስ ስለሆነ ሳይሆን ሰውነት የለመደውን በአንዴ ስላጣ ነው። ፀበል የሚጠመቅ ሰው ይጠመቅ፤ ክኒኑንም ይውሰድ፤ አንዱ ሌላውን አያረክስም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን፣ በተለይ በወጣቶች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኑ ቀን ወደ ሕክምና ነው።

ለጤና ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። የስዊድኗን ሴት ያዳናት የደሟ ልክ እየታየ መጠኑ መስተካከሉ ነው። ያ መሣሪያ በየጤና ጣቢያው አይኖርም፤ በእሱ ፋንታ ያለን ቀጠሮና ባለሙያ ነው። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ በእግር የወረደ ሰው አንድ ጊዜ ደባርቅ ታይቶ የወር ክኒን ይዞ ከተመለሰና ማንም መልሶ ካልጠየቀው፣ ጉበቱ ፈጣንም ይሁን ዝግተኛ ሕክምናው ሊከሽፍ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዳባት የሕዝብ ጤና መረጃ ከቤት ቤት የሚሰበስብበት የምርምር ማዕከል አለው። ለቆጠራ የሚደረሰው ቤት ለሕክምና ክትትልም ይደረስበታል። በሁለተኛውና በአራተኛው ሳምንት ለታማሚው «እንዴት ነዎት፣ እየወሰዱት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የሠለጠነ ባለሙያ ይመደብ። በ1996 እ.ኤ.አ. በጂኑ ጥናት የተገኘው ቁጥር ከእኛ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ አንድ መጠን ለሁሉ ሰጥቶ ከማሰናበት እያንዳንዱን ሰው ተከታትሎ ማየት።